አብሮ የመብላት ነገር

ባለፈው ክረምት መግቢያ የልጅ ልጄ ከወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀና ቤተሰቡ በሁለት ሚኒባስ ተጭኖ ሄደ። "እማማ ጋቢና ትቀመጥ" ተባለና ተቀመጥኩ። ከተማዋን ካየኋት ብዙ ዘመን ሆኖኛል፤ የማውቀውን ነገር በመስኮት ስፈልግ ባጃጅ ብቻ አየሁ። ወዲያ ባጃጅ፣ ወዲህ ባጃጅ፣ በመካከሉ ፎቅ። ድሮ የሰው ሁሉ መገናኛ የነበረው ዋርካ የቱ ጋ እንደነበር ሹፌሩን ብጠይቀው "እማማ፣ እኔ እኮ የሆሳዕና ልጅ ነኝ" ብሎ ሳቀ። ከምረቃው በኋላ አንድ ሰፊ ክትፎ ቤት ገባን። አስተናጋጇ ክትፎውን በሞቀ ጣባ አምጥታ ፊቴ አኖረችው። የትኩስ ሸክላና የቅቤ ሽታ አብሮ ወጣ። አንዲት ጉርሻ እንኳ አልዋጥ አለኝ። ልጆቼ ጥሬ ስለሆነ ነው፣ ለብለብ ይደረግላት አሉ፤ ምራቴ ግፊቷ ተነሥቶ ይሆናል አለች። እኔ "ጥርሴን ነው" አልኩ። በዚህ ዕድሜ ጥርስ ብዙ ነገር ይሸፍናል።

ነገርን ነገር ያነሣዋል። እዚያች ከተማ የገባሁት ሙሽራ ሆኜ ነው። የቡታጅራ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ከሶዶ ወርዶ ቡታጅራ ገበያ ላይ ጨውና በርበሬ ይነግድ ነበር። ጎረቤቶቻችን እስላሞች ነበሩ። ሥጋ ለየብቻ እንበላለን እንጂ ሌላው ሁሉ የጋራ ነው፤ በእኛ ፋሲካ ለእነሱ በግ ከነነፍሱ እንሰጣለን፣ እነሱ ደግሞ በዒዳቸው ለእኛ እንዲሁ። መለየት ነበረ፣ መናናቅ ግን አልነበረም። ስለዚህ ማን ከማን ጋር ይበላል የሚለውን ሕግ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ይመስለኝ ነበር። ባሌ ሀብቴ ወልቂጤ ላይ፣ ከጅማው መንገድ ዳር፣ በአንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ጨርቅ ይሸጥ ነበር፤ በረንዳው ላይም የስፌት መኪና አለችው። የእኔ የሶዶ ክስታንኛና የእነሱ የሰባት ቤት ጉራጌኛ አልግባባ ስላለ አማርኛ አስታራቂያችን ሆነ። ሲቆጣ ግን በራሱ ቋንቋ ይቆጣል፤ ያኔ አለመስማቴ ጠቅሞኛል።

ያኔ ወልቂጤ አንድ መንገድና ሁለት ረድፍ ቤት ነበረች ብል አላጋነንኩም። ከጅማ ቡና የጫኑ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪናዎች ሲቆሙ ከተማው ይነቃል፣ ሲሄዱ አቧራውን ለብሶ መልሶ ይተኛል። ሻይ በአምስት ሳንቲም ነበር፤ ስሙኒ የያዘ ሰው ሙዝ ታቅፎ ይሄዳል። የባሌ ደንበኞች ከአዲስ አበባ የሚመጡ ጎረምሶች ያደረጉትን ሱሪ እያዩ "እንደሱ ስፋልኝ" ይሉታል፤ እግሩ ሰፍቶ መሬት የሚጠርግ ቴትሮን። ለሴቶቹ ደግሞ ሽፎን ሻሽና ናይለን ቀሚስ፤ ናይለኑ በሙቀት ገላ ላይ ይጣበቃል፣ እኛ ግን ሞተን እንገኛለን እንጂ አናወልቀውም። ባለ ባትሪዋ ሬዲዮ ከመደርደሪያው ላይ ስለ መለያየት የምትዘፍን አንዲት ሴት ድምፅ ታሰማናለች፤ ግጥሙ ጠፍቶብኛል፣ ዜማው ግን ዛሬም ዕቃ ሳጥብ ይመጣብኛል። የንጉሡ ሥዕል ግድግዳው ላይ ነበር። ስለ መንግሥት የማውቀው ይህንኑ ነው።

የባሌን እናት አገሩ ሁሉ "አዶት" ይላቸው ነበር፤ በእነሱ ቋንቋ እናት ማለት ነው። እኔም አዶት አልኳቸው። ቀጭን፣ አጭር፣ ሲራመዱ ዝናብ የሚያባርራቸው የሚመስሉ ሴት ነበሩ። ከከተማው ጀርባ፣ በእንሰት ማሳቸው መካከል ባለው ትልቅ የሣር ቤት ነበር የምንኖረው። ማርያምን የሚወዷት እንደ ቅርብ ጎረቤት ነው፤ እንሰት ሲፍቁ ያወሯታል፣ አንዳንዴም ይቆጧታል። አውቶቡስ ተበላሽቶ መንገደኛ ሜዳ ላይ ከቀረ እሳቸው ቤት ይበላል። ለምጥ ይጠራሉ፣ ሬሳ ለማጠብ ይጠራሉ። አእምሮዋ የተነካ አንዲት ሴት ገበያ ውስጥ ትዞር ነበር፤ አዶት ጭንቅላቷን ጉልበታቸው ላይ አስተኝተው ቅማሏን ይለቅሙላታል። ይህን ሁሉ ከተማው ያመሰግናል፤ "አዶት ጻድቅ ናቸው" ይላል። እኔም የጻድቅ ምራት በመሆኔ እኮራ ነበር፤ ጉሊት ስወርድ ሽንኩርት ይመረቅልኛል። መስጠት እስከሆነ ድረስ ማንም አይከፋውም፤ ሰጪው ከላይ ተቀባዩ ከታች ሆኖ ሁሉም በየቦታው ይቀመጣል። ነገሩ የተበላሸው አዶት አብሮ መብላት ሲጀምሩ ነው።

ብርነሽ ሸክላ ሠሪ ነበረች። የምንበላበት ጣባ፣ ውሃ የምንቀዳበት እንስራ፣ ጎመን የምንቀቅልበት ድስት ሁሉ ከእጇ የወጣ ነው። የወገኖቿ ወንዶች ደግሞ ቤት ሲሠራ ምሰሶ የሚያቆሙት ናቸው። ያኔ የምንጠራበትን ስም እዚህ አላሰፍረውም፤ ስም ሳይሆን ስድብ መሆኑ የገባኝ ካረጀሁ ነው። ሕጉ እንዲህ ነበር፦ ምሰሶውን ካቆሙ በኋላ ዳግመኛ ቤቱ ውስጥ አይገቡም። በሠሩት ዕቃ እኛ እንበላበታለን፣ እነሱ አይበሉበትም። ደጅ ሲመጡ ከአጥሩ ውጭ ይቀመጣሉ፤ ቆጮ በኮባ ቅጠል ይቀመጥላቸዋል፣ ውሃ በእፍኛቸው ከላይ ይንቆረቆርላቸዋል። አፋቸው የነካው ዕቃ ይሰበራል። ይህን ያወጣው ማን እንደሆነ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ብርነሽ ዕድሜዋ ከእናቴ ይበልጥ ነበር፤ ፊቷ እርጥብ አፈር የነካው ይመስል ሁልጊዜ ረጋ ያለ ነው። አንቺ ነበር የምላት። አሁን እንኳ ስጽፍ አንቱታው እጄ ላይ አይመጣም።

አንድ የገበያ ቀን ብርነሽ ድስቶቿን ተሸክማ መጣችና እንደ ልማዷ ከአጥሩ ውጭ ተቀመጠች። ቆጮና ጎመን በኮባ አድርጌ ላደርስላት ስነሣ አዶት ከእጄ ተቀበሉኝ። ወጡ፣ አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አሉ፣ ከአንዱ ቅጠል አብረዋት ይበሉ ጀመር። ከገበያ የሚመለስ ሰው በመንገዱ ይተላለፋል። ፊቴ ጋለ። ያደረግሁት ነገር ቢኖር ሮጬ ሄጄ የአጥሩን በር መዝጋት ነው፤ እሳቸው ውጭ ሆነው በሩን ዘጋሁባቸው ማለት ነው። ሰው ቢያይ እንኳ ከቤታችን እንዳያያይዘው ነበር ሐሳቤ። ሲመለሱ በሩን ራሳቸው ከፍተው ገቡ።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሱቅ ደረሰ። ከተማው ምክንያት መፈለግ ያዘ፤ ሰው ያለ ምክንያት ሲወድ ያስፈራል መሰለኝ። አንዱ መድኃኒት አብልታቸው ነው አለ። ሌላው ልጅ ሳሉ ከወንዝ አውጥታቸዋለች፣ ያንን ውለታ ነው የሚከፍሉት አለ። ውለታ ቢሆን ለእኔም ይቀለኝ ነበር፤ ለሚጠይቀኝ ሰው የምመልሰው አገኝ ነበር። አንድ ቀን እንሰት ሲፍቁ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ደፍሬ ጠየቅኋቸው።

"አዶት፣ ብርነሽ ምን አድርጋልዎት ነው?"

"ምንም።"

"ታዲያ ለምን?"

መፋቂያውን አቆሙና አዩኝ። "ምን ታድርግልኝ?" አሉ። ቀጥለውም ጸሎተ ሐሙስ ቀን ቄሱ ጎንበስ ብለው እግራቸውን ሲያጥቧቸው ምን አደረግሽልኝ ብለው እንዳልጠየቋቸው ነገሩኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እኔም እግሬን ታጥቤያለሁ፣ በየዓመቱ። እግሬ እንዲጸዳ እንጂ ሌላ ነገር እንዳለበት አስቤ አላውቅም።

መስቀል ደረሰ። የጉራጌ መስቀል ምን እንደሆነ ለሚያውቅ መናገር አያስፈልግም፤ ለማያውቅም ተነግሮ አያልቅም። መርካቶ ያለው ሁሉ ይመጣል። አውቶቡሱ ጣሪያው ላይ ፍራሽ፣ ጃንጥላ፣ አዲስ ብርድ ልብስ ጭኖ ሲገባ የከተማው ሕፃን ሁሉ ይከተለዋል። የባሌ ታላቅ ወንድም ጋሽ ከበደ ካፖርት ለብሶ፣ ጫማው አቧራ እንዳይነካው በመሐረብ እያራገፈ መጣ። ለእናቱ ጋቢ፣ ለእኔ ባለ አበባ ሻሽ አመጣ። ሌሎቹም ወንድሞች ከነሚስቶቻቸው ገቡ። ነፍሰ ጡር ነበርኩ፤ የመጀመሪያ ልጄን። "አርፈሽ ተቀመጪ" ቢሉኝም እነዚያ የአዲስ አበባ ሴቶች ፊት ሰነፍ መባልን ስለፈራሁ ቀኑን ሙሉ አይብ ሳቀርብ፣ ቅቤ ሳነጥር ዋልኩ።

በሬው የታረደ ዕለት ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ። ማዕዱ ቀርቦ፣ እጅ ሊታጠብ ውሃ ሲዞር፣ ብርነሽ የበዓል ድርሻዋን ልትቀበል መጥታ ከአጥሩ ውጭ ዝናብ ላይ ቆማ ነበር። አዶት ወጡ። ድርሻዋን ይዘው የሄዱ መስሎን ነበር፤ እጇን ይዘው ተመለሱ። ቤት አስገቧት፣ ከጎናቸው አስቀመጧት፣ የራሳቸውን ጣባ በመካከላቸው አድርገው "ብዪ" አሏት። ብርነሽ እኛን ሁላችንንም በየተራ አየችና አዶትን አየች። ከዚያ ትንሽ ክትፎ አነሣችና ቀመሰች።

ጋሽ ከበደ እጁን ሳይታጠብ ቆሞ ቀረ። ቀስ ብሎ፣ ሳይጮህ ነው የተናገረው፦ "አዶት፣ እኛ እንውጣ ወይስ እሷ ትውጣ?"

"ልጆቼ ናችሁ፣ እሷም እንግዳዬ ናት" አሉ አዶት። "ማንም አይውጣ።"

ማንም አልተቀመጠም። ከሚስቶቹ አንዷ "ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም" ስትል ሰማኋት። ባሌ ወደ እኔ ተመለከተ። ምን ሊለኝ እንደፈለገ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እኔ ግን የገባኝ ይህ ነው፦ ይህ ቤት ዛሬ ስሙ ከጠፋ ማንም አይበላበትም፤ የተሸከምኩትም ልጅ ማንም የማይበላበት ቤት ልጅ ይሆናል። ተነሣሁ። በመካከላቸው ያለውን ጣባ ከነክትፎው አነሣሁና ደጃፍ ወዳለው የመርገጫ ድንጋይ ሄጄ ሰበርኩት። ሕጉ ነው። ከጀርባዬ የሆነ ሰው "ጎበዝ ሙሽራ" አለ። ስዞር ብርነሽ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። ስብርባሪውን አየች፤ ራሷ የሠራችው፣ ራሷ የተኮሰችው ጣባ ነው። አልተቆጣችም። "ግድ የለም ልጄ፣ ሌላ እሠራላችኋለሁ" አለችኝ።

አዶት አዲሱን ጋቢ ከትከሻቸው አወረዱና ብርነሽን አለበሷት። አብረዋት ወጡ። በዝናቡ ውስጥ በእንሰቱ መካከል ሲሄዱ አየኋቸው፤ ሁለት አሮጊቶች፣ በአንድ ጋቢ። መስቀላቸውን እዚያው ብርነሽ ቤት በሉ። እኛም ተቀመጥንና በላን። ሌሎቹ በሉ ማለቴ ነው፤ እኔ አልቻልኩም። "ቤቱን ያዳነች" እየተባልኩ ስመረቅ ዋልኩ፤ ጋሽ ከበደ ሽልማት ብሎ ሁለተኛ ሻሽ ጨመረልኝ።

አዶት በማግሥቱ ተመለሱ። እርግማን ጠብቄ ነበር፤ ነፍሰ ጡር ደግሞ እርግማን አብዝታ ትፈራለች። ምሰሶው ሥር ተሸጉጬ ሳለሁ ደረሱብኝ፤ እግራቸው ጭቃ በጭቃ ነው። ፊቴን በእጃቸው ቀና አድርገው አዩኝ።

"ትናንት አልበላሽም አይደል?" አሉኝ።

አልበላሁም አልኩ። ገንፎ አገንፍተው፣ ቅቤውን መካከሉ አፍስሰው፣ በእጃቸው አበሉኝ። ስለ ጣባው ያን ቀን አላነሡም፣ በኋላም አላነሡም። ቢሰድቡኝ ኖሮ እኔም የምመልሰው ነበረኝ፤ ሕጉ ነው እል ነበር፣ ለቤቱ ብዬ ነው እል ነበር። የሚያሳፍረኝ ያ ገንፎ ነው።

ቤቱ ግን አልዳነም። አዶት ብርነሽን ማስገባት አላቆሙም፤ ሰውም እሳቸው ጋ መብላት አቆመ። የማርያም ማኅበራቸው ተራቸው ሲደርስ ዘለላቸው። ለምጥ የሚጠራቸው ጠፋ። ልጆቻቸው በሚቀጥለው መስቀል ጋቢና ስኳር ላኩ፣ ራሳቸው ግን አልመጡም። ባሌ ልጁ ከተወለደ በኋላ ከሱቁ ጀርባ ሁለት ክፍል አሠራና ከተማ ገባን። ደስ አለኝ። ደስ አለኝ ብዬ ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፣ ግን ደስ ብሎኛል፤ ወለሉ ሲሚንቶ ነበር፣ መስኮቱ መስታወት ነበረው፣ ጎረቤቶች መጥተው ይበሉ ነበር። አዶት የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ ሲመጡ አይብ በኮባ ቋጥረው ይይዛሉ። ከእኛ ማዕድ ቀርበው አያውቁም፤ "በልቼ ነው የመጣሁ" ይላሉ። እዚያ ያለው ጎረቤት በእኔ ቅር እንዳይለው ለእኔ መጠንቀቃቸው ነበር። አውቃለሁ። እያወቅሁ "እሺ" እላቸው ነበር።

ታመው ሲተኙ ያስታመመቻቸው ብርነሽ ናት። እኔ ምሳ ይዤ ቀን ቀን እሄዳለሁ። አንድ ቀን ስደርስ እግራቸውን በሞቀ ውሃ እያጠበች፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው በራሳቸው ቋንቋ የሆነ ነገር እያወሯት አገኘኋቸው፤ ሁለቱም ይስቁ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ መግባት አፈርኩ። ሲሞቱ አደራ እንኳ አልሰጡኝም። ብርነሽን እዪልኝ ቢሉኝ፣ አንድ ቀን ብቻ አብረሻት ብዪ ቢሉኝ እሺ እል ነበር፤ አንዲት ሟች ከምራቷ የምትጠይቀውን ያህል እንኳ አልጠየቁኝም። የቀብራቸው ዕለት የሸክላ ሠሪዎቹ መንደር በሙሉ መጥቶ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆሞ አለቀሰ። ማንም ሂዱ አላላቸውም፣ ግቡም አላላቸውም።

ለአርባቸው ልጆቻቸው ትልቅ ተዝካር ደገሱ። ጋሽ ከበደ ድንኳን አስተከለ፤ ቤታቸውን ጥሎ የነበረው ከተማ ተሰብስቦ በላ፣ "ጻድቅ ነበሩ" አለ። ብርነሽ አልተጠራችም። ድግሱ ጋብ ሲል እኔ ወጥና እንጀራ በሰፌድ አድርጌ፣ በላዩ ነጠላዬን ሸፍኜ፣ በእንሰቱ ውስጥ ለውስጥ ወደ ቤቷ ሄድኩ። ትልቅ ነገር ያደረግሁ መስሎኝ ነበር። መንገድ ላይ አዶት ቢያዩኝ ምን ይሉ ይሆን እያልኩ፣ እንደሚያመሰግኑኝ እያሰብኩ ነው የሄድኩት።

ቤቷ ትንሽ ነበር፤ ያልተተኮሱ ድስቶች በግድግዳው ጥግ ተደርድረዋል። ብርነሽ ብቻዋን እሳት ዳር ተቀምጣለች። ሰፌዱን ተቀብላ ወደ ጎን አኖረችው። ከዚያ ከምድጃው አጠገብ ጣባ አነሣች፤ ንፍሮና ቆጮ ነበረበት። እሷም ለአዶት የአቅሟን ተዝካር አውጥታ ኖሯል፤ የሚበላላት ሰው ግን አልነበረም፤ ወይም እየጠበቀች ነበር። ራሷ ቀድማ ቀመሰችና ጣባውን በመካከላችን አደረገችው።

"ነይ፣ አብረን እናስባቸው" አለችኝ።

ተቀመጥኩ። እጄን ዘረጋሁ። ከዚያ እጄ ቆመ። አልፈለግሁም፤ በእግዚአብሔር ስም አልፈለግሁም፣ አእምሮዬ ብዪ ይለኝ ነበር። አዶት ያበሉኝ ገንፎ ትዝ ብሎኝ ነበር፣ ማልቀስም ጀምሬ ነበር፤ እጄ ግን በራሱ ጊዜ እዚያው አየር ላይ ቀረ። ጣባውን የሠሩት እጆች ጉልበቷ ላይ ናቸው፣ እኔ ደግሞ ከንፈሯ የነካውን ቦታ ነው የማየው።

ብርነሽ እጄን አየችው። ፊቷ አልተለወጠም። ቀስ ብላ ተነሣችና ወደ ምድጃው ዞረች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ እንጨቱን መቆስቆስ ጀመረች። እሳቱ ደህና ይነድ ነበር፤ የሚቆሰቆስ ነገር አልነበረውም።

"እኔ እሳቱን እያየሁ ነው" አለችኝ። "አንቺ እንደቻልሽ ሁኚ።"

በላሁ። ንፍሮውንም ቆጮውንም በልቻለሁ፤ ለልጆቼ ስናገር እዚህ ላይ ነው የማቆመው፣ እነሱም "ጎሽ እማማ" ይሉኛል። የበላሁት ግን ጀርባዋን ካዞረች በኋላ ነው።